ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሃል አለፈ፣ አንዳቸውም አልሮጡም

1 | ሰፊ_ሜዳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ሥነ ምህዳር ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ የምሥለው ያው ሥዕል ነው። ሳር፣ ቀስት፣ አይጥ፣ ቀስት፣ እባብ፣ ቀስት፣ ንስር። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ያልፋሉ። በቃ።

ባለፈው ጥር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጓሳ፣ መንዝ ውስጥ ያለው የደጋ ሳር ሜዳ፣ ሄድን። በደብረ ብርሃን አድርገን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፈን፣ የመሐል ሜዳን መንገድ ይዘን። ብርዱ ለጉድ ነው። ማለዳ ስንነሳ ሳሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል።

ፀሐይ ትንሽ ሞቅ ስትል ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ወጡ። መጀመሪያ የመጣው ድምፃቸው ነው። እርስ በርስ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ከዚያ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት መታየት ጀመረ። መቶም ይሆናሉ፣ ሁለት መቶም። ቆጥሬ አልጨረስኩም። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሳር ይነጫሉ፣ ጭብጥ ሲሞላ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። አንዱን ቦታ ሲጨርሱ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ወደ ፊት ሸርተት ይላሉ። ተርታ ይዘው የሚያርሙ ሰዎች ይመስላሉ።

በዚህ መሃል ከግራ በኩል ቀይ ነገር ብቅ አለ። ቀይ ቀበሮ! እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ጉሮሮው ነጭ። ቀጥ ብሎ መንጋው ውስጥ ገባ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን ይበተናሉ ስል ምንም የለም። አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ሳሯ ተመለሰች። በመካከላቸው አራት ወይ አምስት እርምጃ ቢኖር ነው። እሱም ዞር ብሎ አላያትም። ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ዘሎ አፉን ሳሩ ውስጥ ቀበረና አይጥ ይዞ ወጣ። ዋጥ አደረጋትና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰሌዳው ሥዕል እንቅልፍ ነስቶኛል። ቀበሮ ሥጋ በል ነው። የጭላዳ ግልገል ደግሞ ሥጋ ነው። በእኔ ሥዕል ከሄድን በመካከላቸው ቀስት መኖር ነበረበት። ለምን የለም? ሌላው ጥያቄዬ፣ ያን ሁሉ ሳርና ያን ሁሉ አይጥ ይዞ ቀበሮው ለምን እንዲህ ጥቂት ሆነ? በመላው ኢትዮጵያ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም፣ ከሌላ አገር ደግሞ የትም የለም። ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። ልጆቹን ዘንድሮ በዚያው ሥዕል ላስተምራቸው አልፈልግም።

2 | ደጋ_ሰው | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡25

መምህር፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። እኔ ለማስተርሴ ጥናት ጓሳ ብዙ ተመላልሻለሁ፣ ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚሆንብኝ።

ነገሩ ተጠንቷል። ጭላዳዎቹን በእግር እየተከተሉ የሚውሉ ተመራማሪዎች ጓሳ ላይ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። ለምን እንደሆነ ሁለት ግምት አለ። አንዱ፣ ጭላዳዎቹ ሳሩን ሲነጩና ሲረግጡ አይጦቹ ይረበሹና ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ የሚል ነው። ሌላው፣ አይጦቹ የመንጋውን ግርግር ስለለመዱት የቀበሮውን አመጣጥ አይለዩትም የሚል ነው። ባሌ ላይም ቀበሮዎች በከብት መንጋ ተከልለው አይጥ ሲያድኑ ታይተዋል።

አሁን ራስህን በቀበሮው ቦታ አድርገው። አንድ ግልገል ብትነጥቅ የአንድ ቀን ጥጋብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንጋው አያስጠጋህም። አንድ ጊዜ ይኸው ደርሶ ነበር፤ ቀበሮው ግልገል ያዘ፣ ትልልቆቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ ከዚያም ዝር እንዳይል አደረጉት። በየቀኑ ከሚገኘው አይጥ አንጻር ኪሳራ ነው። ጭላዳዎቹ ደግሞ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋቸውም። ውሻ ሲያዩ ወዲያው ወደ ገደሉ ነው የሚሮጡት።

ስለዚህ ቀስት አለ። የመብላት ቀስት አይደለም እንጂ። አንዱ የሚጠቀምበት፣ ሌላው የማይጎዳበት ጉድኝት ነው። የእኛ መማሪያ መጽሐፍ ማን ማንን እንደሚበላ ላይ ሙጭጭ ይላል። በእውነተኛው ሜዳ ላይ ግን ማን ለማን ጥላ እንደሆነ፣ ማን ለማን መንገድ እንደከፈተ ካላየህ ግማሹን ነው ያየኸው።

ባሌ ላይ ሌላ ምሳሌ ልስጥህ። እዚያ ትልቅ ፍልፈል አለ፣ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ያለውን ቅጠል ሲለቅም አንዲት ትንሽ ወፍ አጠገቡ ታርፋለች። እሱ አፈር ሲገለብጥ እሷ ነፍሳት ትለቅማለች። ቀበሮ ሲመጣ እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይገባል። ይህን በየትኛው ቀስት ትሥለዋለህ?

3 | ሳሮን_12ኛ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

ቲቸር ሰላም። የእርስዎ ተማሪ አይደለሁም፣ ግን ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ እኛም ክፍል ውስጥ ጠይቀን ነበር። መልሱ «ከተበይው ወደ በላተኛው ከኃይሉ 10 በመቶ ብቻ ስለሚያልፍ» የሚል ነው። ቃሉን ሸምድጄዋለሁ። ግን እውነት ለመናገር አልገባኝም። ሌላው 90 በመቶ የት ይሄዳል? አይጡ ሳሩን ሙሉ በሙሉ በልቶት የለም እንዴ?

4 | ደጋ_ሰው | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሳሮን፣ ከመሸምደድሽ መጠየቅሽ ይበልጣል። ቀስ ብለን እንየው።

አይጧ መጀመሪያ ሳሩን ሁሉ አትበላም። ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ብዙው ቅጠል ደርቆ ይወድቃል። ከበላችውም ሁሉም አይፈጭም፣ ከፊሉ በፋንድያ መልክ ይወጣል። የተፈጨው ደግሞ አብዛኛው ይቃጠላል። ለምን? የጓሳ ሌሊት ውኃ ያረጋል። አይጧ ግን ሰውነቷ እንደ አንቺ ሙቅ ነው። ያ ሙቀት ከየት መጣ? ከሳሩ። ስትሮጥ፣ ስትቆፍር፣ ልቧ ሲመታ፣ ሁሉም ከሳሩ ነው። እንደ እሷ ያለ አጥቢ እንስሳ ከፈጨው ምግብ ውስጥ ወደ ሥጋ የሚለውጠው ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ አየር ላይ ይበተናል። ያን ሙቀት ሰብስቦ መልሶ የሚበላው ፍጡር የለም።

ስለዚህ 10 በመቶ የምትባለዋ ለማስታወስ የምትመች አማካይ ናት። ዓሣና ነፍሳት ሰውነታቸውን ስለማያሞቁ ብዙ ያተርፋሉ። ሙቅ ደም ያላቸው በጣም ያንሳሉ።

በ10 በመቶው እንኳ ብናሰላ፣ ሳሩ 10,000 እጅ ኃይል ቢይዝ አይጦቹ ጋ 1,000 ይደርሳል፣ ቀበሮው ጋ 100። መምህር «ለምን ጥቂት ሆነ» ላልከው መልሱ ይኸው ነው። ቀበሮው የሚኖረው ከትርፍ ትርፍ ላይ ነው። ጭላዳው ግን ሳሩን በቀጥታ ስለሚበላ አንድ ደረጃ ቆርጧል። ለዚህ ነው አንተ ጭላዳውን መቁጠር ሲያቅትህ ቀበሮውን አንድ ብቻ ያየኸው። ቀበሮው በቡድን ቢኖርም ለአደን ብቻውን የሚወጣውም ለዚሁ ይመስለኛል። አንዲት አይጥ ለሁለት አትበቃም።

ይህን ስሌት መጀመሪያ በሐይቅ ላይ የሠራው ሬይሞንድ ሊንደማን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ላይ ከአልጌ እስከ ዓሣ ያለውን ሁሉ እየመዘነ ዓመታት ቆየ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲታተም እሱ ግን ከወራት በፊት አርፎ ነበር። ሁሌም ያሳዝነኛል።

5 | የጌራ_ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሰላም ናችሁ። የዚያው አገር ልጅ ነኝ። አሁን ሥራዬ ሌላ ቦታ ቢሆንም ጓሳን እንደ ጓሮዬ ነው የማውቃት። ሁሉንም አነበብኩ። ሰው ግን ከሥዕሉ ቀርቷል። ያለ ሰው ጓሳ ዛሬ የለችም ነበር።

አያቴ ቤት ክዳኑ የጓሳ ሳር ነበር። ረጅም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያሳልፍም። ገመዱም ከሱ ነው። እረኛ ክረምት የሚደርበው ገሳም ከሱ ነው። ማገዶው ደግሞ ጨረንፊ የምንለው ቁጥቋጦ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያጭድ ለምን አላለቀም? ሥርዓት ስለነበረው ነው።

ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። የወጣቶቹን እንቅስቃሴ አይደለም፤ የእኛ ቄሮ በ17ኛው መቶ ዘመን የተጀመረ ነው ይባላል። መሬቱ አስቦና ጌራ ከሚባሉት የአባቶቻችን ዘር ለሚወለድ ሁሉ የጋራ ርስት ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ በሕዝብ ይመረጣል። ሜዳው ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ማጭድም ከብትም አይገባም። ሳሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፣ ዝናብ ሳይገባ ይዘጋል። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቃል። የደፈረ ቅጣቱ ከባድ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት ነገር ቀረ፣ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ትልልቆቹ ያን ጊዜ ሲያነሱ አሁንም ይከፋቸዋል። ሁሉም እኩል ይግባ ተባለ፣ ሁሉም እኩል ገባ፣ ሳሩ ተራቆተ። በኋላ ነው ቀበሌዎቹ ተሰባስበው ሕገ ደንብ አውጥተው፣ ጠባቂ ቀጥረው፣ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ ዕውቅና የሰጠው። ዶክተር ዘላለም ተፈራ ለዶክትሬት ጥናቱ ይህን ሥርዓት ከቀበሮው ጋር አያይዞ አጥንቶታል። ቦታው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሰፊ አይደለም።

አያቴ «የመሸከም አቅም»፣ ማለትም ሜዳው ሳይጎዳ ምን ያህል እንደሚችል፣ የሚል ቃል አያውቅም። ግን ሳሩን በእጁ ጨብጦ አጥፎ «ገና ነው» ይል ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ እንዴት እንደሚያውቅ ይገርመኝ ነበር። ያልበሰለ ሳር ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ለክዳን ከሆነም ቶሎ ይበሰብሳል። ልዩነቱን በጣቱ ነው የሚያውቀው።

6 | ገብስ_አምራች | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ የምለው ለብዙዎቻችሁ ላይጥም ይችላል። እናንተ ለሁለት ቀን መጥታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ። እኛ እዚያው ነን። ባለፈው ዓመት ብቻ ከአባቴ በጎች ሁለት ግልገል በቀበሮ ሄደብን። በግ ለእኛ ባንካችን ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው በበግ ነው፣ ሐኪም ቤት የሚኬደው በበግ ነው፣ ባናው የሚሠራው ከበጉ ጸጉር ነው። ገብሱ በአመዳይ ወይ በበረዶ ሲመታ የሚያድነን በጉ ነው። «ቀበሮው ብርቅ ነው» ስትሉ ይገባኛል። ግን ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

ሌላው፣ ያ ሁሉ ሳር ቆሞ የእኛ ከብት ሲከሳ ማየት ያማል።

7 | የጌራ_ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ወንድሜ፣ አልፈርድብህም። የእኛም ቤት ሄዶብናል። ግን አንድ ነገር አስታውስ። ገብሱ ሲያሽት ማሳው ውስጥ አይጥ ስንት ይበላል? አባትህን ጠይቃቸው። ቀበሮው በጠዋት ከማሳ ዳር የሚንጎራደደው ለበግ አይደለም። የበግ ግልገል የሚያገኘው እረኛ ሲዘናጋ ነው። አይጥ ግን በየቀኑ ነው።

8 | እንስሳት_ሐኪም | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ገብስ አምራች ያነሳው እውነት ነው፣ መሸፋፈን የለበትም። ግን እኔ ከሙያዬ አንጻር ሌላ ቀስት ልጨምር። ከውሻ ወደ ቀበሮ የሚሄደውን።

ባሌ ውስጥ ሠርቻለሁ። በግና ከብት ወደ ደጋው ሲወጣ ውሻ አብሮ ይወጣል። ውሻው ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ዌብ ሸለቆ ላይ በሽታው ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን እጅ ጨርሷል። በ2008ና በ2014ም ተመልሶ መጥቷል። በመሃል በመሃል ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ፣ ዲስተምፐር፣ አለ። ቀበሮዎች በቡድን ስለሚኖሩና ሲገናኙ ስለሚላላሱ አንዱ ከታመመ ሁሉም ይያዛል።

አሁን ከላይ ሳሮን የጠየቀችውን አስታውሱ። ሳሩ ብዙ፣ አይጡ ያንሳል፣ ቀበሮው እጅግ ጥቂት ነው። እጅግ ጥቂት የሆነ ነገር አንድ ወረርሽኝ ይበቃዋል። ቦታው ደግሞ ደሴት ነው። ባሕር ባይኖረውም ደሴት ነው። ጓሳ አንድ ደሴት፣ ባሌ አንድ ደሴት፣ ሰሜን ተራሮች አንድ ደሴት። በመካከላቸው እርሻና ቆላ አለ። ጓሳ ላይ ቀበሮ ቢያልቅ ከባሌ ተነሥቶ የሚመጣ የለም። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፣ አየሩም በሞቀ ቁጥር ደሴቱ ወደ ጫፉ ይጠባል። ከተራራው ጫፍ በላይ ደግሞ መሄጃ የለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ውሻን በየዓመቱ መከተብ። ይህን ደግሞ ለቀበሮው ብቻ ብላችሁ አትዩት። ያ ውሻ የሚነክሰው የገብስ አምራችን ወንድም ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የሞተ ሰው ያየ አይረሳውም። እኔ አይቻለሁ። የ9 ዓመት እረኛ ነበር፣ ውኃ በጣሳ ሲቀርብለት ጉሮሮው ተኮማትሮ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይኔ ላይ አለ።

9 | ሄለን_ዴንቨር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡20

ሰላም ከዴንቨር። ይህን ክር ከሥራ መልስ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳነብ ነው የዋልኩት፣ አንድ ፌርማታም አልፌያለሁ።

እዚህ አገር የሎውስቶን የሚባል ትልቅ ፓርክ አለ። ተኩላዎቹን እ.ኤ.አ. እስከ 1926 ድረስ አድነው ጨረሷቸው። ከዚያ በ1995ና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላ አምጥተው ለቀቁ። በየቪዲዮው የሚነገረው ታሪክ ቆንጆ ነው፤ ተኩላ መጣ፣ አጋዘን ቀነሰ፣ በወንዝ ዳር ያለው ዛፍ አገገመ፣ ቢቨር የሚባለው ግድብ ሠሪ እንስሳ ተመለሰ፣ ወንዙም ሳይቀር ተለወጠ። እኔም አምኜው ነበር። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ጠባቂዋን ስጠይቃት ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል እንዳልሆነ ነገረችኝ። በአንዳንድ ቦታ ዛፉ አገግሟል። በሌላ ቦታ ግን አላገገመም። ለምን? ተኩላ ሲጠፋ አጋዘኑ ዛፉን ጨረሰ፣ ቢቨሩ ግድብ የሚሠራበት ዛፍ አጥቶ ሄደ፣ ግድቡ ሲፈርስ ወንዙ ወደ ታች ቆረጠ፣ ውኃው ከሥሩ ራቀ። አሁን ተኩላው ቢመለስም ውኃው አልተመለሰም። ዛፉ ውኃ የለውም።

ይህን የምጽፈው የጌራ ልጅ ያለውን ሳነብ ስለመጣብኝ ነው። አንዳንድ ነገር ሲፈርስ በሄደበት መንገድ አይመለስም። ጓሳ ሳሩ ተራቁቶ በነበረ ጊዜ ቁጥቋጦው አልወረሰውም? አሁን ሳሩ ሁሉም ቦታ ተመልሷል?

በነገራችን ላይ ሳሮን፣ ይህን ሰምተሻል? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የታተመ ጥናት አለ። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎች አሸንዳ የምንላትን አበባ ማር ሲልሱ ተገኝተዋል። አንዱ በአንድ ጊዜ እስከ 30 አበባ ድረስ ይልሳል። አፍንጫቸው በአበባ ዱቄት ቢጫ ይሆናል። ከአበባ ወደ አበባ ዱቄት የሚያደርሱ ከሆነ ሥጋ በል አውሬ የንብ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ፎቶውን አይቼ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

10 | የጌራ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እህቴ ሄለን፣ ትክክል ነሽ። ሁሉም ቦታ አልተመለሰም። ድሮ የጓሳ ሳር የነበረባቸው፣ ዛሬ ጨረንፊና ሌላ ቁጥቋጦ የያዛቸው ተዳፋቶች አሉ። ብንዘጋውም ብንጠብቀውም ቁጥቋጦው ቦታውን አልለቅም ብሏል። ማገዶ ነው፣ እንጠቀምበታለን። ግን ለክዳን አይሆንም።

11 | አፈር_ወዳድ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ሁላችሁም ከአፈር በላይ ስላለው ተናገራችሁ። ግማሹ ሥራ ከታች ነው።

ደጋ ሰው ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይበተናል ብሏል። እውነት ነው። ኃይል ከፀሐይ ይመጣል፣ ያልፋል፣ አይመለስም። ንጥረ ነገር ግን አያልፍም። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱ፣ ካልሲየሙ እዚያው ይዞራል። ሳር ውስጥ የነበረው አይጥ ውስጥ ይገባል፣ አይጥ ውስጥ የነበረው ቀበሮ ውስጥ፣ ቀበሮው ሲሞት አፈር ውስጥ፣ ከዚያ ተመልሶ ሳር ውስጥ። ይህን ዙር የሚያዞሩት የማይታዩት ናቸው። ሻጋታ፣ ባክቴሪያ፣ ትል፣ ጢንዚዛ። መምህር፣ ሰሌዳህ ላይ እነዚህ ነበሩ?

ጓሳ ላይ ደግሞ ብርዱ ሥራቸውን ያዘገያል። እዚያ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። የወደቀው ሳር ቶሎ አይበሰብስም፣ በየዓመቱ በላይ በላዩ ይከመራል። ለዚህ ነው አፈሩ ጥቁር የሆነው። በበጋ አንድ እፍኝ አንሥተህ ጨምቀው፣ እጅህ ይርሳል። እንደ ስፖንጅ ነው። ክረምት የጠጣውን በጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው። አፋር ላይ ግመል የሚጠጣው ውኃ ውስጥ የጓሳም ድርሻ አለበት። ሳሩ ሲነሣ ግን አፈሩ ለፀሐይ ይጋለጣል፣ መበስበሱ ይፈጥናል፣ ስፖንጁ ይሳሳል። ምንጩ መጋቢት ላይ የሚደርቀው ያኔ ነው።

ገብስ አምራች፣ ያ ሳር ቆሞ ሲታይህ ሥራ ፈት ይመስላል። የእናንተን ምንጭ ይዞ የቆመው ግን እሱ ነው።

ስለ እርሻውም ልበል። በእኛ ደጋ ዙሩ የተቆረጠው ምድጃ ላይ ነው። ዛፍ ስለሌለ እበቱ ይጠፈጠፋል፣ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ከማሳ በገለባ መልክ የወጣው ንጥረ ነገር በከብቱ ሆድ አልፎ ወደ ማሳው መመለስ ሲገባው በጭስ ይሄዳል። የቀረው አመድ ነው፤ ናይትሮጅኑ በጭሱ ሄዷል። ከዚያ በብዙ ብር ማዳበሪያ ገዝተን እንመልሳለን። እናቶቻችንን አልወቅስም፣ ሌላ ማገዶ የላቸውም። ግን ዙሩ የት ጋ እንደተቆረጠ ማወቅ አለብን። ባቄላን ከገብስ ጋር ማፈራረቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የባቄላን ሥር ነቅላችሁ እዩ፣ ትንንሽ ጉብጉብ ነገር አለው። አንዱን በጥፍራችሁ ብትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው አፈር ውስጥ ያስገባሉ። ያለ ፋብሪካ።

12 | ገብስ_አምራች | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ስለ ምንጩ ያልከው እውነት ነው። ከቤታችን በታች ያለው ምንጭ ሳሩ በተራቆተ ጊዜ በበጋ ይደርቅ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነበር የሚቀዱት። አሁን ዓመቱን ሙሉ አለ። ከሳሩ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር።

ስለ ውሻውም ገባኝ። የእኛ ውሻ ተከትቦ አያውቅም። ሐኪሙ፣ ክትባቱ የት ነው የሚገኘው? ይከፈልበታል?

የግልገሉን ነገር ግን አልተውኩትም። ለሄደው በግ ካሳ የሚሰጥበት መንገድ ቢኖር የእኛ ሰፈር ሰው ቀበሮውን በሌላ ዓይን ያየው ነበር።

13 | እንስሳት_ሐኪም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ዘመቻ ሲኖር በነፃ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ውሻው ሦስት ወር ካለፈው መከተብ ይችላል፣ በየዓመቱ ይደገማል። ብቻህን አትሂድ፣ ጎረቤቶችህንም ይዘህ ሂድ። ከአሥር ውሻ ሰባቱ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቀበሮው አንድም መርፌ ሳይወጋ ይድናል።

ስለ ካሳው ከአንተ ጋር ነኝ።

14 | ሰፊ_ሜዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ክር አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ዛሬ ክፍል ገብቼ ያን ሥዕል ሣልኩና ልጆቹን «ምን ጎደለ?» አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «የሚሞተው የት ይሄዳል?» አለች። አፈር ጨመርን። አንዱ «ብርዱስ?» አለ። ከቀበሮው ወደ ሰማይ ብዙ ቀጫጭን መስመር ሣልን፣ ሙቀቱን ለማሳየት። ከዚያ የጭላዳውን ታሪክ ነገርኳቸው፣ የማይበላ ቀስት በሰማያዊ ጠመኔ ገባ። ውሻው በቀይ ገባ። በመጨረሻ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሳሩን የሚዘጉት ሰዎችስ የት ናቸው?» ሰሌዳው ሞልቶ ስለነበር በሩ ላይ ሣልናቸው።

ደወል ሲደወል ማንም አልተነሣም። ለሚያዝያ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። የጌራ ልጅ፣ 34 ልጅ ይዤ ብመጣ ሜዳውን አንጎዳውም?

15 | የጌራ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

መምህር፣ ኑ። ብቻ በአንድ ጊዜ አትግቡ፣ በሁለት ከፍላችሁ በሰዓት ልዩነት ግቡ። ከማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አስታውቁ፣ ጠባቂ ይመድቡላችኋል። ሳሩን በመንገዱ እንጂ በመሃሉ አትርገጡት። ለጭላዳዎቹ ዳቦ አትስጡ፣ ልጆቹ ይሰጣሉና ጠብቋቸው። ወፍራም ጃኬትና ካልሲ ያስፈልጋል። ገደሉ ጫፍ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ከደረሳችሁ ሲወጡ ታዩዋቸዋላችሁ።

ውሻ የሚከተላችሁ ካለ ከመንደሩ አታሳልፉት።